ከማኪያቶው ስኳር እስከ ቦርጭ፦ ኤሪትሪቶልን፣ ዛይሊቶልንና አሉሎስን በልክ መጠቀም

ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ፣ ማኪያቶ ሲታዘዝ ስኳሩም አብሮ ይመጣል። ሁለት ማንኪያ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ይጠጣል፤ የሚቆጥር የለም። ቦርጩን ሊቀንስ ያሰበ ሰው ግን መጀመሪያ መቁጠር ያለበት እሱን ነው። ኤሪትሪቶል፣ ዛይሊቶል፣ አሉሎስ የሚባሉት የስኳር ምትኮች ስብ አያቀልጡም። የሚጠቅሙት በስኳሩ ቦታ ሲገቡና በዚያ የተቀነሰው ካሎሪ በቦምቦሊኖ ተመልሶ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ስኳሩ ሳይነካ በላዩ ላይ ከተጨመሩ ትርፋቸው የሆድ መነፋት ብቻ ነው።

እዚህ የተጻፈው ለጤነኛ አዋቂ ነው። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ መድኃኒት የሚያወራውን ክፍል ሳያነብ አይጀምር።

የራሳችሁን ስኳር መዝኑ

አፉ ላይ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። እኛ የምንጨምረው ግን የተቆለለውን ነው፤ እሱ 6 ወይም 7 ግራም ይደርሳል። 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክላችሁ 4 ግራም ብላችሁ ያዙ።

ለቤት ቀላል ዘዴ አለ። ሰኞ ጠዋት የስኳር ዕቃውን ከነክዳኑ መዝናችሁ ጻፉ፤ በቀጣዩ ሰኞ ደግማችሁ መዝኑ። 4 ሰው ያለበት ቤት 840 ግራም ከጎደለ ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ደርሶታል ማለት ነው። ደጅ የሚጠጣው እዚህ ውስጥ የለም። ለእሱ ስልካችሁ ላይ 3 ቀን መዝግቡ፤ አንዱ የጾም ቀን፣ አንዱ ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። በጾም ማኪያቶው በሻይና በስፕሪስ ስለሚተካ የስኳሩ መጠን ከፍስኩ ቀን ሊበልጥም ይችላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። በቀን 3 ማኪያቶ፣ በእያንዳንዱ 2 የተቆለለ ማንኪያ ቢገባ 36 ግራም ስኳር ነው፤ በግራም 4 ካሎሪ ሲታሰብ 144 ካሎሪ። (ማሸጊያ ላይ ኪሎ ካሎሪ የሚባለውን እዚህ እንደ ሰፈሩ አነጋገር ካሎሪ ብለነዋል።) በምሳ ሰዓት ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ሲታከል 32 ግራም ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 68 ግራም፣ ወደ 270 ካሎሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከቀን ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል።

የአንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ጉልበት ወደ 7,700 ካሎሪ ይገመታል። 270 ካሎሪ በ30 ቀን ሲባዛ 8,100 ነው። በወረቀት ላይ በወር አንድ ኪሎ ማለት ነው፤ በሰውነት ላይ ግን ከዚያ ያንሳል። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለው ይቀንሳል፣ ረሃብም ይነሳል። ያም ሆኖ ተስፋ የሚጣልበት ቁጥር ያለው እዚህ ነው፤ ከ8 ግራም ስኳር ይህን መጠበቅ አይቻልም። በቀን ከ10 ግራም በታች ስኳር የሚጠቀም ሰው እነዚህን ምትኮች መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስሙ አያሳስት

ኤሪትሪቶልና ዛይሊቶል የስኳር አልኮል ከሚባሉት ናቸው፤ የስኳር አልኮል ግን አያሰክርም። ኬሚስቶች በሞለኪውሉ ቅርጽ የተነሳ ያወጡለት ስም ነው፤ አረቄና ቢራ ውስጥ ያለው ኢታኖል የለበትም። ለሚጾምም፣ አልኮል ለማይነካም ስሙ አያሳስብ። እንደ አሉሎስና ታጋቶስ ያለው ብርቅዬ ስኳር የሚባለው ደግሞ እውነተኛ ስኳር ነው፤ ብርቅዬ የተባለው በተፈጥሮ እጅግ በጥቂቱ ስለሚገኝ ነው። አሉሎስ በበለስና በዘቢብ ውስጥ በጥቂቱ አለ (በለስ ስንል የቁልቋሉን ሳይሆን የዛፉን ነው)። ለገበያ የሚቀርበው ግን በፋብሪካ ከፍሩክቶስ በኢንዛይም የሚሠራው ነው፤ መንገዱን የከፈተው በጃፓን ካጋዋ ዩኒቨርሲቲ የኬን ኢዙሞሪ ሥራ ነው።

በግራም ስንት ካሎሪ እንዳላቸውና ከስኳር አንጻር ምን ያህል እንደሚጣፍጡ (በቅንፍ ያለው ኢ ቁጥር ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ መለያቸው ነው)፦

ኤሪትሪቶል (ኢ 968)፦ 0.2 ካሎሪ፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ
አሉሎስ፦ 0.4 ካሎሪ፤ 70 በመቶ
ታጋቶስ፦ 1.5 ካሎሪ፤ 90 በመቶ ገደማ
ማልቲቶል (ኢ 965)፦ 2.1 ካሎሪ፤ 90 በመቶ
ዛይሊቶል (ኢ 967)፦ 2.4 ካሎሪ፤ ከስኳር እኩል
አይሶማልት (ኢ 953)፦ 2.0 ካሎሪ፤ ግማሽ ገደማ
ሶርቢቶል (ኢ 420)፦ 2.6 ካሎሪ፤ 60 በመቶ ገደማ

ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ያነበበ ይሳሳታል። አይሶማልት በግራም ከስኳር ግማሽ ካሎሪ አለው፤ ግን ጣፋጭነቱም ግማሽ ስለሆነ አንድ ማንኪያ ስኳር የሚሰጠውን ጣዕም ለማግኘት ሁለት ማንኪያ ይገባል፤ ካሎሪው ያው ሆነ። ሶርቢቶል ጭራሽ ትንሽ ይበልጣል። ፋብሪካዎች ጉድለቱን እንደ ሱክራሎስ ባለ ኃይለኛ ማጣፈጫ ስለሚሞሉት ማሸጊያው ላይ አይታይም፤ ቤት ውስጥ በማንኪያ ለሚጠቀም ግን ትርፍ የለውም። እኩል ጣፋጭነት ላይ ስናወዳድራቸው ስኳር 4 ካሎሪ ሲይዝ ኤሪትሪቶል 0.3፣ አሉሎስ 0.6፣ ማልቲቶል 2.3፣ ዛይሊቶል 2.4 ይይዛሉ። ለቦርጭ ብሎ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይፈልግ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማሸጊያ ከኤሪትሪቶል በቀር ሁሉንም የስኳር አልኮሎች በጅምላ 2.4 አድርጎ ነው የሚያሰላው፤ ኤሪትሪቶልን ደግሞ ዜሮ። ስለዚህ ከተለያየ አገር የመጡ ሁለት ፓኬቶች ላይ የተለያየ ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ።

ውስጥ ገብተው ምን ያደርጋሉ?

የገበታ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮሱ ኢንሱሊን ይቀሰቅሳል፤ ኢንሱሊን ከፍ ባለበት ሰዓት የስብ ሕዋሳት ያከማቹትን አይለቁም። ፍሩክቶሱን በአብዛኛው የሚቀበለው ጉበት ነው፤ ሲበዛበት ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል።

ኤሪትሪቶል ሌላ መንገድ አለው። 90 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት ይገባና ሰውነት ሳይጠቀምበት በሽንት ይወጣል። ኢንሱሊን አይቀሰቅስም፤ ካሎሪው ዜሮ ገደማ የሆነውም ለዚህ ነው። ዛይሊቶል፣ ሶርቢቶልና ማልቲቶል በከፊል ብቻ ይገባሉ፤ የቀረው ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከብላቱ የሚገኙትን አጫጭር የስብ አሲዶች ሰውነት ለጉልበት ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ በአንጀት ያልገባ ሁሉ ከካሎሪ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጋዙም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ታዲያ ስብ ይቀንሳሉ ወይ? በስዊዘርላንድ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አነስተኛ ሙከራ ወፍራም ሰዎች በየቀኑ 36 ግራም ኤሪትሪቶል ወይም 24 ግራም ዛይሊቶል ለ5 ሳምንት እንዲወስዱ አድርጎ ነበር። የሆድ ስባቸው አልተለወጠም። ዱቄቱ ብቻውን ሥራ እንደማይሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሉሎስ ትንሽ ለየት ይላል። በኮሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 121 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትሏል፤ አንዱ ቡድን 4 ግራም፣ ሌላው 7 ግራም አሉሎስ በቀን ሁለት ጊዜ ሲወስድ ሦስተኛው ጥቂት ሱክራሎስ ብቻ ተሰጠው። አሉሎስ የወሰዱት የሰውነት ስባቸው ቀነሰ፤ 7 ግራሙን የወሰዱት ደግሞ የሆድ ስባቸው ጭምር በሲቲ ስካን ቀንሶ ታየ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ከምግብ በፊት 5 ግራም አሉሎስ የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች ከምግቡ በኋላ ያቃጠሉት ስብ ከፍ ብሎ ተለክቷል። በአይጦች ላይ በተሠሩ ሥራዎች ጉበት ውስጥ ስብ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ሥራቸው ይቀንሳል፤ የመጥገብን ስሜት የሚያመጣው ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞንም ይጨምራል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን የኮሪያውን ጥናት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቅድመ ጥናት ብለው ነው የሰየሙት። አሉሎስ በእጃችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እያስቸገራችሁ ልታሳድዱት ግን አይገባም። ኤሪትሪቶል ዋናውን ሥራ፣ ስኳሩን ማስወጣቱን፣ ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቀነሻ አትጠቀሙ ማለቱን የሰማ ይኖራል። ያ ምክር እንደ ሱክራሎስ፣ አስፓርቴምና ስቴቪያ ያሉትን የሚመለከት ነው፤ የስኳር አልኮሎችንና ዝቅተኛ ካሎሪ ያላቸውን ስኳሮች በግልጽ ከዝርዝሩ አውጥቷቸዋል።

ሱቅ ውስጥ

ቦሌ ባሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም ሆነ በፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ “ስኳር አልባ” የሚል ነገር ስታገኙ ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን ገልብጡ። ከዱባይ ወይም ከቱርክ የመጣ ዕቃ ላይ ቋንቋው ቢያስቸግር የኢ ቁጥሮቹን ፈልጉ፤ 420፣ 421፣ 953፣ 965፣ 966፣ 967፣ 968 ሁሉም የስኳር አልኮሎች ናቸው። አሉሎስና ታጋቶስ በኢ ቁጥር ሳይሆን በስማቸው ነው የሚጻፉት።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ግብዓት አንብቡ፤ ግብዓት የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። “ስቴቪያ” ተብሎ በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት አብዛኛው ክፍሉ ስቴቪያ አይደለም፤ ስቴቪያ እጅግ ጣፋጭ ስለሆነ የሚገባው በቁንጥር ነው። የቀረው ኤሪትሪቶል ከሆነ መልካም። ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮስ ከሆነ ግን በግራም 4 ካሎሪ ያለው ካርቦሃይድሬት ነው የገዛችሁት።

በብዛት የሚያሳስተው የስኳር ሕመምተኛ እየተባለ የሚሸጠው ቸኮሌትና ብስኩት ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ማልቲቶል ነው። ለምሳሌ በ100 ግራም 25 ግራም ማልቲቶልና 22 ግራም ቅባት ያለው ብስኩት ብታገኙ፣ ከስኳሩ የተቆረጠው 50 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ቅባቱ ብቻውን 198 ካሎሪ ይዞ ተቀምጧል። ማልቲቶል የደም ስኳርንም ይነካል፤ ከስኳር ያነሰ ቢሆንም እንደ ኤሪትሪቶል ዝም አይልም። “ስኳር የለውም” ብሎ ግማሹን ፓኬት የጨረሰ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ነው የገባው።

ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ስፕሪስ

ኤሪትሪቶሉን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ ስም ለጥፉበትና ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ደቃቅ አሸዋ ይመስላል፤ ቶሎ እንዲሟሟ በቡና መፍጫ አድቁት። መፍጫው የቡና ሽታ ያሲዘዋል፣ ለማኪያቶ ግን ማን ይከፋዋል።

ካፌ ስትገቡ ስኳሩ ለብቻ እንዲመጣ እዘዙ። መንገድ ዳር የጀበና ቡና ስትጠጡ ግን ፈጠን በሉ፤ ብዙ ቡና ሻጮች ስኳሩን ሲኒው ውስጥ ቀድመው ነው የሚያስቀምጡት፣ “ያለ ስኳር” የሚለው ቃል ጀበናው ከመዘንበሉ በፊት መውጣት አለበት።

ከ2 የተቆለለ ማንኪያ በአንድ ቀን ወደ ምንም አትውረዱ፤ የሚከሽፈው እንዲያ ሲሆን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በእያንዳንዱ ማኪያቶ 1 የተቆለለ ማንኪያ ስኳርና 1 የተቆለለ ማንኪያ ኤሪትሪቶል አድርጉ። በሁለተኛው ስኳሩን ወደ ተስተካከለ ማንኪያ (4 ግራም) አውርዱ፤ ኤሪትሪቶሉ ባለበት ይቆይ። በሦስተኛው ስኳሩን አውጡና 8 ግራም ኤሪትሪቶል ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ወደ 5 ግራም ውረዱ። ሲማሰል ማንኪያው ከታች መንኮሻኮሹን እስኪተው አዙሩት፤ ኤሪትሪቶል እንደ ስኳር ቶሎ አይሟሟም፣ ያልሟሟው ምላስ ላይ እንደ ሚንት ይቀዘቅዛል። ይህ ቅዝቃዜ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ክሪስታሉ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ ነው። ትኩስ ማኪያቶ ውስጥ በደንብ ከሟሟ አይሰማም።

ለሻይ፦ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን እንደ ወትሮው አፍሉ። ለ1 ሊትር 60 ግራም ስኳር ትጨምሩ ከነበረ በ30 ግራም ኤሪትሪቶልና በ10 ግራም ዛይሊቶል ተኩት። ጣፋጭነቱ ከቀድሞው ግማሽ ይሆናል፤ ቀረፋው ጠንከር ካለ ብዙ አይጎድልባችሁም። ካሎሪው ከ240 ወደ 30 ይወርዳል። ሁለቱን መቀላቀሉ የኤሪትሪቶልን ቅዝቃዜ ያለዝባል፣ የዛይሊቶልንም መጠን ሆድ ከሚያውክበት በታች ያቆየዋል።

ስፕሪስ ላይ ግን ምንም አትጨምሩ። ማንጎውና ፓፓያው የራሳቸው ስኳር አላቸው፤ ጭማቂ ቤቱን “ስኳር እንዳይገባበት” ማለት ብቻ በቂ ነው። ለሎሚ ጭማቂ ዓይነቱ በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ 30 ግራም ኤሪትሪቶል አሟሙታችሁ አቀዝቅዙና የዕለቱን ተጠቀሙ። ከዚያ ካበዛችሁት ወይም ፍሪጅ ካስገባችሁት መልሶ ይረጋና ከታች ክሪስታል ይሠራል።

ለዕቃ አቀማመጥ አንድ ነገር፦ አሉሎስ እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ክዳኑ ካልጠበቀ ይጓጉላል። ኤሪትሪቶል ይህ ችግር የለበትም።

ኬክና ዳቦ

እርሾ የስኳር አልኮሎችን አይበላም። ድፎ ዳቦ ላይ ስኳሩን በሙሉ በኤሪትሪቶል ብትተኩት ሊጡ የሚነሳው ዱቄቱ ውስጥ ባለው ብቻ ነው፤ ይዘገያል። ለ500 ግራም ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር ተዉለት። በኤሪትሪቶል ጠጅ እንደማይጣልም ከዚህ ይገባችኋል።

የጾም ኬክ 150 ግራም ስኳር የሚጠይቅ ከሆነ 100 ግራም የደቀቀ ኤሪትሪቶልና 60 ግራም አሉሎስ ያዙ። ኤሪትሪቶል ብቻውን ሲሆን ኬኩ ይደርቃል፣ በማግስቱም ጥርስ ስር የሚንኮሻኮሽ ክሪስታል ይወጣበታል፣ ላዩም ሳይቀላ ገርጥቶ ይቀራል። አሉሎስ እርጥበቱን ይይዛል፣ ያቀላዋልም፤ እንዲያውም ከስኳር ቶሎ ስለሚያቀላ ኦቨኑን በ15 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፣ ላዩ ሲጠቁርም በፎይል ሸፍኑት። አሉሎስ ከሌለ አንድ የተፈጨ ሙዝ እርጥበቱን ይሰጣል፤ ስኳሩን ግን ቁጠሩት።

ይህን ኬክ ስትበሉ ሒሳቡ አይረሳ። 250 ግራም ዱቄት 900 ካሎሪ ገደማ፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ800 በላይ፣ 150 ግራም ስኳሩ 600 ነው። ስኳሩን ሁሉ ብታወጡ የወጣው ሩብ ያህሉ ነው። ሦስት አራተኛው አሁንም ሳህኑ ላይ ነው።

ስንት ግራም ድረስ?

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ለኤሪትሪቶል ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ግራም ነው፤ ሆድን የሚያስቀምጠውን ባሕርይ ተመልክቶ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 30 ግራም ነው። 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ 7.5 ግራም ብቻ ስለሆነ ለሕፃን በብርጭቆ ከመስጠት ተቆጠቡ። አሉሎስ በአንድ ጊዜ በኪሎ 0.4 ግራም፣ በቀን 0.9 ግራም ድረስ ሲፈተን አብዛኛው ሰው ችሎታል፤ እናንተ ግን በ5 ግራም ጀምሩ። ዛይሊቶልን በቀን በ5 ግራም ጀምራችሁ በየሳምንቱ 5 እየጨመራችሁ ከ20 አትለፉ። በጣም የሚያስቸግረው ሶርቢቶል ነው፤ 10 ግራም ብዙ ሰው ላይ ጋዝ ያመጣል፣ 20 ደግሞ ተቅማጥ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሶርቢቶል ያለበት ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ሳይታወቀው እዚያ ይደርሳል።

ተቅማጡ መመረዝ አይደለም። ሳይገባ የቀረው ሞለኪውል ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ መጠኑ ሲቀንስ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል። ሁኔታውን የሚያከፋው ባዶ ሆድ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ወይም በረመዳን ያፈጠረ ሰው መጀመሪያ የሚያስገባው በዛይሊቶል የጣፈጠ መጠጥ መሆን የለበትም። ምግብ ይቅደም። ሆዱ ከድሮም የሚነፋበት፣ አንጀተ ቁጡ የሆነ ሰው ከኤሪትሪቶል ውጭ ያሉትን ባይሞክር ይሻለዋል። በትውልድ ፍሩክቶስ የማይስማማው ሰው ደግሞ ሶርቢቶልን በፍጹም አይንካ፤ ሰውነቱ ወደ ፍሩክቶስ ይለውጠዋል።

ስለ ልብ የተሰማው ነገር

በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ የበለጠ እንደገጠማቸው ጽፈዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ ዛይሊቶልም ተመሳሳይ ግኝት አወጡ። ሰውነት ራሱ ከግሉኮስ ኤሪትሪቶል ስለሚሠራ ከፍታው የሕመሙ ምክንያት ይሁን የቀደመ ችግር ምልክት ከዚህ ብቻ አይለይም። ነገር ግን በሌላ ሙከራቸው 30 ግራም ኤሪትሪቶል በአንድ ጊዜ የጠጡ ጤነኞች የደም ፕሌትሌቶቻቸው ለመርጋት ይበልጥ ሲነቁ ታይተዋል። ጉዳዩ እስኪጠራ ድረስ የእኛ አቋም ይህ ነው፤ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ደሙ የረጋበት ሰው እነዚህን ትቶ ጣፋጩን ራሱን ይቀንስ። ሌላው 30 ግራሙን በአንድ ብርጭቆ አይጨልጠው፤ በ5 በ8 ግራም ቀኑን ይከፋፍለው።

መድኃኒት የሚወስዱና ውሻ ያላቸው

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው በቀን 60 ግራም ስኳር በአንዴ ቢያወጣ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ቶሎ ቶሎ ይለካ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ላብ ሲያጠምቀው የሚያድነው ከ15 እስከ 20 ግራም እውነተኛ ስኳር ነው፤ ኤሪትሪቶልም ሆነ “ስኳር አልባ” ከረሜላ የወረደውን የደም ስኳር አያነሳም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው ስኳር ሁሉ በምትክ አይቀየር፤ ሁለቱ ዕቃዎች ደግሞ ተመሳሳይ አይሁኑ።

ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ ዛይሊቶል ያለበት ማስቲካም፣ ብስኩትም መሬት አይጣል። በኪሎ 0.1 ግራም የውሻን የደም ስኳር ለመጣል ይበቃል፤ 20 ኪሎ ለሆነ ውሻ 2 ግራም ነው። በልቶ ካገኛችሁት እስኪንገዳገድ ሳትጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ሜትሩን መያዝ

ለውጡን በሚዛን ብቻ አትከታተሉ። ስኳር ሲቀነስ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ብዙው ውኃ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ከተመዘናችሁም ሁልጊዜ አንዱ ጋ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ጫማ ይሁን፤ ሚዛን ከሚዛን ይለያያል።

ዋናው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ሳትበሉ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት እኩሌታ ላይ ዙሩት፤ አየር አስወጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ ለኩ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የሆድ ስብ ለጤና ማስጋት የሚጀምርበት ነው። በ2 ሳምንት አንዴ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዛይሊቶሉ ሆድ ነፍቶ ሜትሩን ሊጨምረው ስለሚችል ማታ የተለካ ቁጥር አትመዝግቡ።

በ8ኛው ሳምንት ወገባችሁ ካልተነቃነቀ ኤሪትሪቶል አትጨምሩ። ወጡ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ለኩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ማለትም የሦስት ማኪያቶ ስኳር ለማካካስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከቢሮ መልስ ያለውን ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደግሞ ለ3 ቀን መዝግቡ። የስኳር ዕቃውንም እንደገና ከነክዳኑ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ እናንተ ስትተዉ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ድርሻችሁን ተረክቦ ይሆናል።